የቤተሰብን እርሻ ለክርስቲያናዊ ጥሞና ማዘጋጀትና ማስተዳደር

አርሰውና ከብት አርብተው በሚኖሩበት መሬት ላይ ለጸሎትና ለዕረፍት የሚመጡ ክርስቲያኖችን ለመቀበል የሚነሡ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ አልጋው ብዛትና ስለ መታጠቢያ ቤቱ ነው። እነዚህ ነገሮች በጥቂት ወራት ውስጥ ሊሟሉ ይችላሉ። ከዚህ ይልቅ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው እርሻው በእንግዳ ምክንያት ሥራውን እንዳያጓድል፣ ቤተሰቡም የራሱን ኑሮ እንዳያጣ የሚያደርግ ሥርዓት ማቆም ነው። እርሻው ለእንግዳ ሲባል ሰዓቱንና መልኩን መለዋወጥ ከጀመረ ውሎ አድሮ እርሻነቱ ይቀራል፤ እንግዳውም ፈልጎት የመጣውን፣ ማለትም እርሱ ኖረም አልኖረም በሰዓቱ የሚከናወን የቤትና የመስክ ኑሮን፣ ሳያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ የቀረበው ምክር ሁሉ እንግዳው ወደ እርሻው ሥርዓት ይግባ፣ እርሻው ወደ እንግዳው ሥርዓት አይግባ ከሚል አቋም የሚነሣ ነው።

የዓመቱን ሥራ አስቀድሞ ማስፈር

የመጀመሪያው ተግባር ቤተሰቡ ተሰብስቦ የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ እንግዳ የማይቀበልባቸውን ሳምንታት መሰረዝ ነው። የዘር ጊዜ፣ የአጨዳ ጊዜና ከብቶች የሚወልዱበት ጊዜ ከሁሉ በፊት ይዘጋሉ። ላም በአማካይ 283 ቀን ገደማ፣ በግ ደግሞ 147 ቀን ገደማ ስለምታረግዝ፣ እንስሶቹ የተጠቁበትን ቀን በመዝገብ የያዘ ገበሬ የሚወልዱበትን ሳምንት ከወራት በፊት ያውቀዋል፤ ስለዚህ በእነዚያ ቀናት እንግዳ ቀጥሮ ሌሊቱን በበረት፣ ቀኑን በእንግዳ ቤት የሚያሳልፍበት ምክንያት የለም። በሁለት ቡድኖች መካከልም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ባዶ መተው ያስፈልጋል፤ ይህ ቀን አንሶላ የሚታጠብበት ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ለብቻው በአንድ ገበታ የሚቀመጥበት ነው።

ስምምነቱ የባልና የሚስት ብቻ መሆን የለበትም። በቤቱ የሚኖሩ አያቶችና ነገሩን ለመረዳት የደረሱ ልጆች ሁሉ ሐሳባቸውን ሊሰጡ ይገባል፤ ምክንያቱም እንግዳ ሲበዛ ክፍሉን የሚለቀው ወይም ዝም በል የሚባለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። በየሳምንቱ እንግዳ የማይገባበት አንድ ምሽት፣ በቤቱም ውስጥ እንግዳ የማያልፈው አንድ በር እንዲኖር በግልጽ መወሰን ይጠቅማል። ይህ ለእንግዳ ተቀባይነት ተቃራኒ የሚመስላቸው ሰዎች አይጠፉም። ሆኖም በ6ኛው መቶ ዘመን ለመነኮሳት ሥርዓት የጻፈው ቤኔዲክቶስ በምዕራፍ 53 የሚመጡ እንግዶች ሁሉ እንደ ክርስቶስ እንዲስተናገዱ ካዘዘ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ የእንግዶች ማእድ ቤት ለብቻው እንዲሆን ደንግጓል፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ እንግዶች ባልታሰበ ሰዓት ቢመጡ ማኅበሩ እንዳይታወክ ነው ይላል። የተለየ ማእድ ቤት ለመሥራት አቅም የሌለው ቤተሰብ ለእንግዶች ውኃ የሚያፈሉበትና ቁርሳቸውን ራሳቸው የሚያነሡበት ጠባብ ቦታ ቢያዘጋጅ እንኳ የቤቱ እመቤት ከንጋት እስከ ምሽት ምድጃ ዳር ከመቆም ትድናለች።

ክፍሉ

ለእንግዳ ክፍል ምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ከመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ በሰገነት ላይ ባሠራችው ትንሽ ቤት ውስጥ ያኖረችው አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ጥቅም አለው፦ የሚተኛበት፣ የሚጽፍበትና የሚያነብበት፣ የሚቀመጥበት፣ በሌሊት ለጸሎት ሲነሣ የሚያበራው። በእርሻ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ነው፤ ከበሩ ውጭ ጭቃ የያዘ ጫማ የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ፣ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ የመጠጥ ውኃና የዕለቱ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይበቃል። የግድግዳ ጥቅስ ማብዛት አያስፈልግም፤ በጥሞና ላይ ያለ ሰው ከፊቱ ባዶ ግድግዳ ቢያገኝ አይጎዳም። የዶሮ ቤቱን ከእንግዳው መስኮት ማራቅ ግን ከማንኛውም ማስዋቢያ ይበልጣል፤ አውራ ዶሮ ንጋትን እስኪያይ አይታገሥምና።

ለጋራ ጸሎት የሚሆነው ቦታ የተጠረገ ጎተራም ቢሆን ችግር የለውም፤ ዋናው ከዝናብና ከነፋስ መጠለሉ፣ ለሌላ ሥራም በየዕለቱ የማይፈለግ መሆኑ ነው። እህል ሲገባ ወንበሮቹ የሚወጡበት የጸሎት ቤት ከአንድ የመከር ወቅት በኋላ የጆንያ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል።

የዕለቱ ሥርዓት

ብዙ የጥሞና ቦታዎች የቀኑን ክፍል በደወል ይለያሉ፤ ከብት ያለው እርሻ ግን አስቀድሞ የተሠራ ሰዓት አለው። የሚታለቡ ላሞች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተቻለ መጠን 12 ሰዓት ያህል ተራርቆ፣ ይታለባሉ፤ ይህም ሰዓት ለማንም ሲባል አይዛወርም። ስለዚህ የጠዋቱን ጸሎት ከአለባው በኋላ፣ የማታውን ደግሞ ከብቶቹ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ማድረግ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ ከእንግዶቹ ጋር አብሮ ለመጸለይ ይችላል፤ ጸሎቱ አለባው ከማለቁ በፊት ከተደረገ ግን ከቤተሰቡ አንዱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ የሚጎድለውም ዘወትር ያው አንድ ሰው ይሆናል።

ሥራንና ጸሎትን ማፈራረቅ በክርስትና ታሪክ ጥንታዊ ነው። ስለ አባ እንጦንስ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ በበረሃ ሳለ ልቡ ታክቶ በነበረበት ጊዜ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገናም ተቀምጦ ሲታታ እንዳየና እንዲሁ እንዲያደርግ እንደተነገረው ያስረዳል። ለእንግዳ የሚወጣው መርሐ ግብርም በዚህ መልክ አጭር ሥራ፣ አጭር ጸሎት፣ ከዚያም ረጅም ባዶ ጊዜ ቢይዝ መልካም ነው። ባዶውን ጊዜ በትምህርትና በውይይት መሙላት ትልቅ ፈተና ነው፤ በተለይ ቡድን መርተው የሚመጡ አገልጋዮች ሰዓቱ እንዳይባክን በማለት ይሞሉታል። አስተናጋጁ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ እንደማይነካ አስቀድሞ በደብዳቤ ቢያሳውቅ ክርክሩ በር ላይ አይነሣም።

የሰንበት ቀን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዘጸአት 23፥12 በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ከተጠቀሱት መካከል በሬውና አህያው፣ መጻተኛውም ይገኛሉ። ማለብና መመገብ አይቀሩም፤ ሌላው ሥራ ግን በዋዜማው ሊያልቅ ይገባል፣ የዕለቱም ምግብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቀላል ቢሆን ይመረጣል።

ለእንግዳ ሥራ መስጠት

ሥራ በፈቃድ እንጂ በግዴታ አይሰጥም። ጌታ በማርቆስ 6፥31 ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ መጥተው ጥቂት እንዲያርፉ የጠራቸው እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ሰዓት ነበር፤ ዛሬም ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚመጡ ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ከመተኛት በቀር የሚፈልጉት የለም፤ ሊቀሰቀሱም አይገባም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጃቸው ሥራ መፈለግ ይጀምራል።

የሚሰጠው ሥራ መጨረሻው በዓይን የሚታይ ሊሆን ይገባል። ሙሉ ማሳ ከማሳየት አንድ መደብ መስጠት ይሻላል። ለምሳሌ የካሮት አረም ማረም ለእንግዳ ተስማሚ ሥራ ቢሆንም፣ ካሮት ሲበቅል መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለት ቅጠሎች ቀጫጭን ሆነው ሣር ስለሚመስሉ፣ ያልተነገረው ሰው አረሙን ትቶ ካሮቱን ነቅሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ከእንግዳው ጎን ተንበርክኮ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀውን ተከታይ ቅጠል ያሳየው፤ ሦስት አረም ራሱ ይንቀል፤ ቀጥሎ እንግዳው ሦስት ሲነቅል ይመልከት፤ ከዚያ በኋላ ትቶት ይሂድ። ከኋላው ቆሞ መጠበቅም ሆነ ወሬ ማምጣት የዚያን ሰዓት ጥቅም ያጠፋዋል። ሥራው ሲያልቅ ግን መጥቶ ማየትና ማመስገን ይገባል፤ የተበላሸ ካለም እንግዳው ከሄደ በኋላ ማስተካከል እንጂ በፊቱ እንደገና መሥራት ነውር ነው።

እንግዳ በአልጋና በምግብ ምትክ እንዲሠራ መዋዋል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ አገሮች ይህ ከሥራ ሕግና ከመድን ዋስትና ጋር ስለሚያያዝ፣ ከመጀመሩ በፊት የቦታውን ሕግ የሚያውቅ ሰው ማማከር የግድ ነው። እንግዳው ለቆይታው የሚከፍለውም ቢሆን ቁርጥ ያለ ዋጋ ወይም እንደ አቅም የሚሰጥ ስጦታ መሆኑ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ይገለጽለት።

አደጋን መከላከል

ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ለእርሻ ባለቤት ይህ ትእዛዝ ቃል በቃል የሚሠራ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሸሸውን ነገር የከተማ እንግዳ አያውቀውም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የፍግ ጉድጓድ ነው። ፈሳሽ ፍግ በሚማሰልበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ሊጥል ይችላል፤ የወደቀውን ለማውጣት የሚገባውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሞታል። ጉድጓዱ የተከደነና የታጠረ ይሁን፤ በሚማሰልበት ቀንም እንግዳ በግቢው አይኑር። ትራክተር ላይ ለአሽከርካሪው ከተሠራው መቀመጫ ውጭ ማንም አይጫን፤ ልጆች ቢለምኑም መልሱ አንድ ነው። ኮርማ ካለበት አጥር፣ በቅርቡ ከወለደች ላምና ከንብ ቀፎ መራቅ እንደሚገባ በመጀመሪያው ምሽት በቃል መንገርና በቦታው ምልክት ማቆም ይገባል። ፀረ ተባይ የተረጨበት ማሳ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው ሰው ወደ ማሳው የመመለሻ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይዘጋል።

እንስሳ የነካ ሁሉ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ፤ የእጅ ማጽጃ ጄል ከእንስሳት የሚተላለፉትን ጀርሞች ሁሉ ስለማይገድል ሳሙናን አይተካም። እርጉዝ ሴቶች ከሚወልዱ በጎችና ከአዲስ ግልገሎች መራቅ አለባቸው፤ በዚያን ጊዜ የሚተላለፉ አንዳንድ በሽታዎች ፅንስን ያስወርዳሉ። ጥሬ ወተት ቤተሰቡ ለምዶት ቢጠጣውም ለእንግዳ አይቅረብ፤ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ከሞቀ በኋላ በፍጥነት ቀዝቅዞ ይሰጥ። የጉድጓድ ውኃ በየጊዜው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

ሰውን መስማት

ወደ ጥሞና የሚመጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ኀዘን፣ የፈረሰ ትዳር ወይም የደከመ እምነት ይዞ ይመጣል፤ አጥር ሲጠግን ወይም ሣር ሲያቀርብ ከባለቤቱ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ የማይጠበቅ ነገር ሊናገር ይችላል። ሥራውን ሳያቋርጡ መስማት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ፈጥኖ ጥቅስ መደርደር አይገባም። የተነገረውን ነገር በጸሎት ርእስ ስም ለሌሎች ማካፈልም አደራን መብላት ነው። ሰውየው በራሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያመለክት ነገር ከተናገረ ግን ምስጢር መጠበቁ ያቆማል፤ ቤተሰቡ በዚያ ጊዜ የሚጠራውን ሐኪምና የንስሐ አባት ወይም መጋቢ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በምዝገባው ጊዜ ስለ ጾም፣ ስለማይስማማ ምግብና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት መጠየቅ ይገባል፤ የተለያየ ሥርዓት ያላቸው ክርስቲያኖች በአንድ ገበታ ሲቀመጡ መዝሙረ ዳዊትን በጋራ ማንበብ ብዙ ክርክር ያስቀራል። በቆይታቸው የሚታረድ ወይም በሕመም ምክንያት የሚወገድ እንስሳ ካለም እንግዶቹ በድንገት ከሚያዩት አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ስልክን በግድ መሰብሰብ አልመክርም፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚደወልበትን አንድ ቦታ ወስኖ ሌላውን ለእንግዳው ፈቃድ መተው ይበቃል።

በመጀመሪያው ዓመት ከሚታወቁ ሰዎች መካከል ጥቂቶችን ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን ሳይበልጥ፣ መቀበል ይመረጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ የእርሻውን መዝገብና የእንግዳውን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ በእንግዳ ምክንያት የዘገየ ዘር፣ ያልታከመ ከብት ወይም የቀረ የቤተሰብ ምሽት እንዳለ ይመርምር፤ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ከሚዘጉት ሳምንታት ላይ ይጨምር። በተዘጋ ሳምንት ለመምጣት ለሚጠይቅ ሰው የሚላከው መልስ ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም፤ በዚያ ሰዓት በእርሻው ያለውን ሥራና የሚቀጥለውን ክፍት ቀን የሚገልጹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ።