ጎልማሳ ተማሪ ለምን ይቀራል? የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ለማስተማር የሚነሳ ወጣት አይጠፋም። ክፍሉም መጀመሪያ ላይ ይሞላል። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ይቀራል። «አቦ፣ ፍላጎት የላቸውም!» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ቀፊራ ገበያ ስትሸጥ ውላ፣ ቤቷን አደላድላ፣ ደብተር ይዛ የመጣች ሴት ፍላጎት የላትም ብሎ ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያርቃት የኛ አያያዝ ነው።

ፊደል ገበታውን ማስዘመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከ«ሀ» ተጀምሮ እስከ «ፐ» ይወረዳል፤ 33 ቤት፣ ሰባት ሰባት እያለ 231 ፊደል። ሳምንታት ያልፋሉ፣ ተማሪው ግን አንድም ቃል አላነበበም። ዜማው ደግሞ ያታልላል። አንድ ሰው መስመሩን አንበልብሎት ይወርድና መሐል ላይ «ቡ»ን ብትጠቁሙት ከ«በ» ካልጀመረ አይመጣለትም። የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ሦስት ቤት ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ። እኔ የምመርጠው በ፣ ነ እና ረን ነው። 21 ፊደል ናቸው። ከነዚህ ብቻ ቡና፣ ብር፣ በር፣ ባቡር፣ በርበሬ፣ ሩብ፣ ኑሮ፣ ነበር ይወጣሉ። ድሬ ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት፤ ቃሉ ለማንም እንግዳ አይሆንም። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ደግሞ ብዙም ሳትቆይ የዕቃዋን ስም ካርቶን ላይ ጽፋ ትለጥፋለች።

አካሄዱ እንዲህ ነው። «ቡና» ብላችሁ ጻፉና አንብቡላቸው። ከዚያ «ቡ»ንና «ና»ን ለያዩ። ከ«ቡ» ተነስታችሁ ወደ በ፣ ቢ፣ ባ ሂዱ። «ቡ» እና «ኑ» ጎናቸው ላይ ጭረት አላቸው። «ቢ» እና «ኒ» እግራቸው ሥር። «ቤ» እና «ኔ» እግራቸው ላይ ቀለበት። ይህን አንዴ ካስተዋሉ ቀጣዩን ቤት ራሳቸው መገመት ይጀምራሉ፤ ያኔ ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ልዩ ነው። «ሩ» እና «ሪ» ከዚህ መስመር ስለሚወጡ የረን ቤት መጨረሻ ላይ አምጡት። ፊደሎቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፏቸው፤ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ እያቀያየሩ ቃል ይሥሩ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ እያላችሁ መጀመሪያ ላይ አታስጨንቋቸው። «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የጻፈ ሰው ጽፏል። እሱ ኋላ ይደርሳል።

እንደ ሕፃን ማናገር

የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። ትልቁንም «አንተ» ይላል፣ ማንም አይቀየምም። ንቀቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ጎበዝ፣ እናጨብጭብላት!» ማለት፣ የመዋዕለ ሕፃናት መጽሐፍ ማደል፣ ሰሌዳ ላይ በግድ አስወጥቶ ማቆም። ልጆቿን አሳድጋ ለዳረች እናት ይሄ ውርደት ነው። ስትሳሳት ድምፅ ሳታሰሙ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አሳዩዋት።

በየትኛው ቋንቋ ብሎ አለመጠየቅ

እዚህ ከተማ አንድ ሰው ቤቱ ኦሮምኛ፣ ገበያ ሶማሊኛ፣ ቢሮ አማርኛ ሊናገር ይችላል። ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ቁቤ፣ ማለትም የኦሮምኛውን የላቲን ፊደል፣ የሚፈልገውን ቁቤ ከሚያስተምር ሰው ጋር አገናኙት። አማርኛ ከመረጠም፣ አማርኛው ገና ከሆነ፣ የሚያነበው ቃል ሁሉ አስቀድሞ በአፉ የሚያውቀው ይሁን። ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል አንብቦ ቢጨርስ ምን ያደርግለታል?

ዓይንን መርሳት

ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ የተለመደ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በትንሽ ጭረት ነው። ነ እና ኑ፣ ሰ እና ሱ ለደከመ ዓይን አንድ ናቸው። ተማሪው «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላል፤ አስተማሪውም ያምነዋል። ደብተሩን እጁን ዘርግቶ አርቆ የሚይዝ ሰው ካያችሁ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ሞክሩት። ከሰሌዳው አንብቦ ደብተሩ ላይ ከተቸገረ ዓይኑን እንዲታይ ምከሩት። የማንበቢያ መነጽር የሚመልሰው ብዙ ተማሪ አለ። የክፍሉንም መብራት እዩ።

ሒሳብ አያውቁም ማለት

ለውዝ በጣሳ ሰፍራ፣ ዱቤ በቃሏ ይዛ፣ ትርፏን በልቧ የምታሰላ ሴት ሒሳብ ታውቃለች። የጎደላት ምልክቱ ነው። ከብር ኖቶቹ ጀምሩ፤ 10፣ 50፣ 100፣ 200። ከዚያ ወደ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ ወደ ቴሌብር መልእክት። 1,000 እና 10,000 ስክሪን ላይ ምን እንደሚመስሉ ደጋግማችሁ አሳዩ፤ ሰው የሚከስረው እዚያ ላይ ነው። የምስጢር ቁጥራቸውን ግን አትቀበሉ፣ አትያዙ፣ «እኔ ላስገባልህ» አትበሉ። ራሳቸው እስኪያስገቡ ጠብቁ።

ስም መጻፍን መናቅ

«እኔ የምፈልገው ስሜን ጽፌ መፈረም ብቻ ነው» የሚል ብዙ ነው። ትንሽ ነገር አይደለም። አሻራ ለመስጠት ጣቱን ቀለም ሲነክር ስንት ዓመት አንገቱን ደፍቷል። ስሙን በመጀመሪያው ቀን ስጡት። ከዚሁ ጋር ግን አንድ ነገር አስጠንቅቁት፤ ፊርማ መቻል ያላነበቡትን ውል ለመፈረም መቸኮልን ሊያመጣ ይችላል። «ይነበብልኝ» ማለትንም አብራችሁ አለማምዱ።

ሰዓቱን ለራስ በሚመች መንገድ መቁረጥ

የቀትሩን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ ረመዳን ሲገባ ማታው ይለወጣል፣ የጾምና የበዓል ሰሞን አለ። ሰዓቱን ተማሪዎቹ ይቁረጡ።

ፊደል ቆጠሩ ብሎ ማቆም

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ ከዩኔስኮም ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ያኔ ፊደል ቆጥረው በኋላ የሚነበብ ነገር አጥተው የረሱ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የሚነበብ ነገር ከወዲሁ አዘጋጁ። የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የሻይ ቅጠል ፓኬት። አንድ ቀን ክፍሉን ትታችሁ ከለገሐር ወደ ከዚራ እየተራመዳችሁ የሱቅ ሰሌዳ አንብቡ። ኮርሱ ሲያልቅ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በስልክ ላኩላቸው። ስልካቸው አማርኛ መጻፊያ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ። ሲደውሉላችሁ በደስታ አውሯቸው፤ የመልእክቱን መልስ ግን በጽሑፍ ጠይቁ።