መብራትና ውሃ የተካተተበት አፓርታማ ስትከራዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቅ ከተማ ውስጥ ቤት ሲፈልግ ለሰነበተ ሰው «ሁሉም ተካቷል» የሚል ማስታወቂያ እፎይታ ነው። በወር አንድ ክፍያ፣ በቃ። እኔም እንዲህ ያለ ኪራይ መጥፎ ነው አልልም። ግን ዝርዝሩን ሳይጠይቅ የሚፈርም ሰው በኋላ ሲጨቃጨቅ ይኖራል።

ምን ምን እንደተካተተ አለመጠየቅ

አከራዩ ውሃና ቆሻሻ ማንሻን አስቦ ይናገራል፤ ተከራዩ መብራትና ኢንተርኔትም አለበት ብሎ ይፈርማል። የዋሸ የለም። ስለዚህ መብራት፣ ውሃ፣ ጋዝ፣ የክፍል ማሞቂያ፣ ኢንተርኔት፣ ጥበቃ፣ ሊፍት፣ ፓርኪንግ እያላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። «አዎ» የተባለው ሁሉ ውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ። ደላላው በአፉ የነገራችሁን አከራዩ ጭራሽ ላይሰማው ይችላል።

የፍጆታ ጣራውን ሳያውቁ መፈረም

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ውል ላይ «በተመጣጣኝ አጠቃቀም» የምትል ሐረግ ትገባለች። ተመጣጣኙ ስንት ነው? ቁጥር ከሌለው አከራዩ በተናደደ ቀን የሚተረጉመው ነገር ነው።

እስቲ እናስላው። 2,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ30 ቀን 300። ጣራው፣ ማለትም ኪራዩ የሚሸፍነው ከፍተኛ መጠን፣ 200 ቢሆን ፍሪጁና ምድጃው ሳይቆጠሩ በማሞቂያው ብቻ አልፋችሁታል።

ጣራው በገንዘብ ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት፣ ውሃው ደግሞ በሜትር ኩብ እንዲጻፍ ጠይቁ። በገንዘብ ከተጻፈ ታሪፍ በጨመረ ቁጥር እናንተ ምንም ሳታበዙ ጣራው ይወርድባችኋል። ካለፈስ በምን ሂሳብ ነው የምትከፍሉት? ቢሉን በዓይናችሁ ታያላችሁ ወይስ አከራዩ ያለው ይበቃል? ይሄም ይጻፍ።

ቆጣሪውን አለማየት

ቆጣሪው የቤቱ ብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ከጣራው ያለፈው ሂሳብ የሚካፈለው በቤት ነው ወይስ በሰው ቁጥር? በቤት ከሆነ ብቻውን የሚኖር ሰው አምስት ሆነው ከሚኖሩት እኩል ይከፍላል።

የራሱ ቆጣሪ አለው ከተባላችሁ ፈትኑት። አከራዩን አስፈቅዳችሁ የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፉና ቆጣሪውን ለጥቂት ደቂቃ እዩት። ቁጥሩ አሁንም ከጨመረ ሌላ ቦታ የሚበራ ነገር በእሱ ላይ ተቀጥሏል ማለት ነው። በገባችሁበት ቀን ንባቡን ፎቶ አንሱት፤ ቀኑም ይታይ።

«ቢሉ የእኔ አይደለም» ብሎ ፍሳሽን መተው

ጣራ ካለ ቢሉ የእናንተም ነው። ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈስ የሽንት ቤት ገንዳ በቀን ብዙ መቶ ሊትር ሊያባክን ይችላል። ለማወቅ ገንዳው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ውሃ ሳትለቁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ያፈሳል። ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁት፤ በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል።

የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር

ሁሉን ያካተተ ቤት የግድ ርካሽ አይደለም። አከራዩ ኪሳራ እንዳይመጣበት ከፍ አድርጎ ነው የሚገምተው። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነ ላልተጠቀማችሁበት ትከፍላላችሁ። የ12 ወር ቢል አሳዩኝ በሉ፤ የብርድ ወርና የሙቀት ወር ፍጆታ አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። ኪራዩ በ10 በመቶ ሲጨምር ውስጡ ያለው የመብራትና የውሃ ድርሻም አብሮ በ10 በመቶ ያድጋል፤ ታሪፉ ባይነካም።

አከራዩ ባይከፍልስ?

ውዝፍ ሲከማች የሚቆረጠው እናንተ የምትኖሩበት ቤት መብራት ነው። ራሳችሁ ከፍላችሁ ከኪራዩ መቀነስ እንድትችሉ ውሉ ላይ አስገቡ። ቢሉ በስማችሁ ስለማይመጣም ባንክ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት የአድራሻ ማረጋገጫ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት አይኖርም። የተፈረመ የውሉን ቅጂ እጃችሁ ላይ አስቀሩ።

ቀን አይቶ መወሰን

ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማነው? ሙቅ ውሃ ሌሊትም አለ? ከተቻለ ማታ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት ሄዳችሁ ሻወሩን ክፈቱ፤ ስልካችሁንም ከዋይፋዩ አገናኙ። ጎረቤቶች በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ከሆነ ያኔ ያስታውቃል።