መጀመሪያ ቀኑን ያዙ፣ ዶሮው ይደርሳል

ሁዳዴ ሲጋመስ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ለወጥ የምትሆን ዶሮ የት አገኛለሁ?» «እንጀራ ከስንት ቀን በፊት ልዘዝ?» «ያ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል እንዴት ነው የሚጠፋው?» በየዓመቱ ያው ነው፣ ደዋዮቹ ብቻ ይቀያየራሉ። ለአንዷ ስመልስ የራሴ ቁሌት አርሮብኝ ያውቃል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ የምጽፈውም አሜሪካ ውስጥ የእኛን በዓል ስለማክበር ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ሕግ ሕጉን ዝለሉና ወጥ ወጡን ውሰዱ።

እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ከሥራ ፈቃድ እንዴት ነው የሚጠየቀው? አገር ቤት በዓል ራሱ ይመጣል። መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ ጎረቤቱ ይቀሰቅሳችኋል፣ የበግ ነጋዴው በራችሁ ድረስ ይመጣል። እዚህ በዓሉ ያለው እናንተ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ሲሆን ፈረንጆቹ ዛፋቸውን ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ጥለው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በ2027 ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ወደ 12 ይዞራል። ፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል። በ2026 ኤፕሪል 12 ነው፣ በ2027 ሜይ 2። እነዚህን ቀኖች የአለቃችሁ ካላንደር አያውቃቸውም። ዶሮዋ ምንም ብትጣፍጥ እናንተ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ምን ዋጋ አለው?

እኔ የተቃጠልኩት በ2024 ነው። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር የለም፣ ተራ ከደረሰ ደረሰ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ የዕረፍት መጠየቂያ ፎርሙን ሞላሁ። «ኢስተር፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ» ብዬ ጻፍኩ። ቀን አልጻፍኩም። ፋሲካ ፋሲካ ነው፣ ማን የማያውቀው አለ ብዬ። በሁለተኛው ቀን «ተፈቅዷል» የሚል ኢሜይል መጣ። ርዕሱን ብቻ አየሁና ዘጋሁት። ማርች መጨረሻ ላይ የሥራ ፕሮግራም ሲወጣ አራት ቀን ባዶ ነኝ። ደስ አለኝ። ሰው በዝቶባቸው ነው አልኩ። ልብስ አጠብኩ፣ እንቅልፌን ጠገብኩ፣ ሽሮዬን እየበላሁ ቴሌቪዥን ላይ ጥንቸልና ባለቀለም እንቁላል እያየሁ እንኳ ነገሩ አልገባኝም። የዚያ ዓመት የፈረንጅ ኢስተር ማርች 31 ነበር። የእኛ ሜይ 5 ነው። አምስት ሳምንት ልዩነት።

ሜይ 4፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። ቁሌቱ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል፣ እኔ ነጠላዬን እየፈለግሁ ነው። አለቃዬ ደወለች። «የት ነሽ? ተራሽ ጀምሯል እኮ።» የእኛ በዓል ነው፣ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል አልኳት። «ኢስተርን ወስደሽዋል። አራቱም ቀን ከዓመት ዕረፍትሽ ላይ ተቀንሷል» አለችኝ። ኢሜይሉን ከፍቼ ባነበው ቀኖቹ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ምን ይባላል? ተራ እንዳልቀያየር የሥራ ቦታዬ ሐበሾች በሙሉ ብልጥ ሆነው ቀኑን ጽፈው ፈቃድ ወስደዋል። ሄድኩ፣ እስከ ጠዋት ድረስ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓታት ሙሉ። ወጡን ባለቤቴ ጨረሰው ማለት ይቻላል፣ እንቁላሉን ግን ቀቅሎ ሳይልጠው ነው የከተተው። እኔ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ የገደፍኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሠራተኛ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከማሽን በወጣ የቺዝ ብስኩት ነው። እስካሁን ያንን ብስኩት ሳይ ሆዴ ይገለበጣል።

ስለዚህ እባካችሁ «ኢስተር» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «ኦርቶዶክስ ኢስተር» በሉና ከጎኑ ቀኑን አስፍሩ። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት። ገናን እኛ እንደለመድነው 7/1 ብላችሁ ከጻፋችሁ አሜሪካኖቹ ወሩን ስለሚያስቀድሙ ጁላይ 1 አድርገው ነው የሚያነቡት፣ ከዚያ ጁላይ ላይ ዕረፍት ወጥታችሁ ጃንዋሪ ላይ ትሠራላችሁ። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። ለአለቃችሁ ኮሪደር ላይ በቃል መናገር እንደ መጠየቅ አይቆጠርም፣ ፈገግ ብላ «እሺ» ትላችኋለች፣ በቀኑ ደግሞ አታስታውስም። መልሱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ፕሮግራሙ ሲወጣ እንደገና አመሳክሩት። ሰልችቶኛል ይህን መናገር፣ ግን ዘንድሮም የሚረሳ አለ።

ሕጉ ደግሞ ከእናንተ ጋር ነው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሠራተኛውን የሃይማኖት በዓል ማስተናገድ አለበት፣ ሥራውን በብርቱ ካልጎዳው በቀር። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፖስታ አዳይ ጉዳይ ላይ፣ ትንሽ ወጪ ያስወጣኛል ብሎ እምቢ ማለት እንደማይበቃ ተናግሯል። ስትጠይቁ «ሪሊጂየስ አኮሞዴሽን» (ሃይማኖትን ማስተናገድ) የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። ይቺን ቃል ሲሰሙ የሰው ኃይል ክፍል ሰዎች ወንበራቸው ላይ ቀና ይላሉ። ያለ እሷ ያው ፎርም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል። ግን ደሞዝ ይከፈላችኋል ማለት አይደለም፣ ቀኑን ብቻ ነው የምታገኙት። ሙስሊም ወገኖቼ ለዒድ ሁለት ቀን ጠይቁ፣ ጨረቃዋን አለቃችሁ አትጠብቃትም። ልጆች ያሏችሁ ለትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ ጻፉ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በሃይማኖት በዓል መቅረት በሕግ የታወቀ ምክንያት ነው። ልጁ አሞታል ብላችሁ አትዋሹ፣ ሰኞ ዕለት ልጁ ራሱ «ዶሮ በላን» ብሎ ያጋልጣችኋል።

በዓሉን ወደ ቅዳሜ ማዞርስ? ብዙዎች ያደርጉታል። እኔ አልወደውም። ገና ረቡዕ ከዋለ ረቡዕ ነው፣ ማታ ከሥራ ተመልሼ አንድ እንቁላል በሽሮ ላይም ቢሆን እበላታለሁ። እንግዳ መጥራቱን ለቅዳሜ ተዉት።

አሁን ወደ ምግቡ። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ እንጀራ አይቸግራችሁም፣ ችግሩ የዋዜማው ሰልፍ ነው። ሳምንት ቀድማችሁ ዘዙ፣ ሐሙስ ላይ ውሰዱ። ራሴ እጋግራለሁ የምትሉ፣ የመጀመሪያ ሙከራችሁን ለበዓል አታድርጉት። እዚህ አይዳሆ የሚበቅል ጤፍ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እርሾው እስኪለምድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበላሻል። ምጣድም ከአዲስ አበባ ተሸክማችሁ አትምጡ። ያኛው ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፣ የዚህ አገር መብራት 120 ነው። ትሰኩታላችሁ፣ ይሞቃል፣ ግን የኃይሉን ሲሶ እንኳ አይሰጥም። ዓይን የሌለው ነጭ ነገር ነው የምታወጡት። እዚሁ ለዚህ አገር መብራት የተሠራውን ግዙ፣ ስትጋግሩም ማይክሮዌቩን በዚያው መስመር አታብሩ፣ ቆጣሪው ይመታል።

ዶሮ። ሱፐርማርኬት ያለችው ለጋ ናት። ቁሌቱ ውስጥ ገብታ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፣ 12 ብልት ብላችሁ የከተታችሁት ፍትፍት ሆኖ ይወጣል፣ ፈረሰኛው የቱ እንደነበር አባወራውም አያውቀው። ጠና ያለችውን እንቁላል ጣይ ዶሮ ፈልጉ። የእስያ ሱቆችና የሐላል ሥጋ ቤቶች ውስጥ ትገኛለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የሐላል ዶሮ ገዝታችሁ ክርስቲያን እንግዳ ከጠራችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ሙስሊም ጎረቤት ከጠራችሁም የማንን ሥጋ እንደሠራችሁ ንገሩት። ማንም ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ማፈር የለበትም። ለእኔ ብዙም አያስጨንቀኝም፣ ለእናቴ ግን ያስጨንቃታል፣ እሷ ስትመጣ ከሐበሻ ሱቅ እገዛለሁ። ጭቅጭቅ አልፈልግም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላል፣ ውሃው ሲረጭ ጀርሙን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያዳርሰዋል። ይህን ለሐበሻ ሴት ንገሩና ፊቷን እዩ። እኔም በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ አጥባለሁ። ግን ሳህን ማጠቢያውንና ዙሪያውን በረኪና አልብሼ ነው ወደ ሌላ የምሄደው፣ ሰላጣም አጠገቡ አልከትፍም።

ሽንኩርቱን በማሽን ፍጩት፣ ማንም አያያችሁም። ትልቁ ጣጣ ሽታው ነው። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ምድጃው ላይ ያለው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፣ አዙሮ እዚያው ይለቀዋል። ድስቱን ሳትጥዱ በፊት ካፖርቶቻችሁን በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ፣ በሩ ሥር ፎጣ አድርጉ። ይህን ያልሰማ ሰው እስከ ኤፕሪል ቁሌት ቁሌት እየሸተተ ባቡር ይሳፈራል። መስኮት ክፈቱ፣ ብርድ ቢሆንም።

የጭስ ደወሉን ግን አትንኩ። ባትሪ አታውጡ፣ በፌስታል አትሸፍኑት፣ የቤት ኪራይ ውላችሁ ላይ አለ። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ባለፈው ገና፣ ከመጡ ስምንት ወር ያልሞላቸው ባልና ሚስት ደወሉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ለቡናው ከሰል ሳሎን ውስጥ አቀጣጠሉ። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ጃንዋሪ ነዋ። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ የስድስት ዓመቷ ልጅ አስመለሳት። የዕጣኑ ነው ብለው ነበር። ጎረቤት ባይደውል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፣ አገር ቤት በሩ ክፍት ስለሆነና ቤቱ ስለሚያፈስ ነው ያተረፈን። የዚህ አገር ቤት እንደ ጠርሙስ የተከደነ ነው። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉት። ዕጣን ካማራችሁ የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ፣ ትንሽ ብቻ አድርጉ። «እንደ ከሰል አይሆንም» አትበሉኝ፣ አውቃለሁ አይሆንም።

በረንዳ ላይ በግ ያሰረ ሰውም አውቃለሁ። ቅርጫ ከፈለጋችሁ አራት አምስት ቤተሰብ ሁኑና እርሻ ድረስ ሄዳችሁ እዚያው አሳርዱ፣ ከወር በፊት ተመዝግባችሁ። ጠጅና ጠላ ለራሳችሁ መጥመቅ ይቻላል፤ የፌዴራል ሕጉ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ ጠጥቶ የጨረሰ ቤት ካለ ይጥሩኝ። መሸጥ ግን ክልክል ነው፣ አረቄ ማውጣትም ሌላ ጣጣ ነው፣ እጃችሁን አታስገቡ። እማማ የሚልኩልን ቋንጣ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ይቀራል፣ ከኢትዮጵያ ሥጋ ማስገባት አይቻልም። ሻንጣ ውስጥ ያለውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩክ ተናገሩ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ቋንጣውን ይነጠቃል፣ የደበቀ ሰው ይቀጣል።

ስልክ። በፋሲካ ሰሞን አዲስ አበባ ከእኛ በሰባት ሰዓት ይቀድማል። እነሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲገድፉ እዚህ ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እናንተ ገና ቁሌቱ ላይ ናችሁ፣ ሆዳችሁ ባዶ ነው፣ እጃችሁ በርበሬ ነው። በዚያች ሰዓት ነው በቪዲዮ የሚደውሉት። እናቴ ዶሮውን ወደ ካሜራው አስጠግታ ታሳየኛለች። «ገደፋችሁ?» ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እማዬ፣ እዚህ ገና ቅዳሜ ማታ ነው» እላታለሁ፣ እሷም በየዓመቱ «ውይ፣ ምን ያዘገያችኋል?» ትላለች።