አፕሊኬሽኑ ክላውድ ላይ፣ ዳታቤዙ ገላን፦ መስመሩን እንዴት እንምረጥ?

ዳታቤዛችሁ ገላን ወይም ለገጣፎ ቢሮ ውስጥ ነው እንበል፣ አፕሊኬሽኑ ደግሞ ክላውድ (በኢንተርኔት የምትከራዩት ሰርቨር) ላይ። ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው የሚሮጠው ሜጋ ቢት ለማስጨመር ነው። ቆይ! የመስመር ስፋት (በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን፣ በሜጋ ቢት የሚለካው) እና የምልልስ ጊዜ (ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው) ለየቅል ናቸው።

መጀመሪያ ርቀቱን አስሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር የራቀ ቦታ ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኬፕታውን ያለው የአማዞን ክላውድ በአየር መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀናል፣ ማለትም ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የሚሰጣችሁ የለም፤ ፋይበሩ ደግሞ በጎረቤት አገር ዞሮ ስለሚሄድ ከዚያም ይብሳል። አንድ ገጽ ለመክፈት 100 ጥያቄ ተራ በተራ የሚልክ አፕሊኬሽን ካላችሁ፣ 5 ሰከንድ መንገድ ላይ ብቻ አለቀ።

ከዚያ ለኩ። ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ የምልልስ ጊዜውን የሚለካው ትእዛዝ) ብቻውን አይበቃም፤ ከክላውዱ ሰርቨር ወደ ዳታቤዙ ፖርት (ግንኙነት የሚቀበልበት የበር ቁጥር)፣ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሆነ 5432፣ ግንኙነት እየከፈታችሁ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሞክሩት። አማካዩን ሳይሆን የከፋውን ቁጥር እዩ።

ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ርካሽ ነው፣ ግን በተራው ኢንተርኔት ስለሚሄድ ይዋዥቃል። ለሪፖርትና ለባክአፕ ይበቃል። እንደ አማዞን ዳይሬክት ኮኔክት ያለ፣ ከተራው ኢንተርኔት የተለየ የግል መስመር የተረጋጋ ነው፤ ርቀቱን ግን አያሳጥርም። ደንበኛ ቆሞ ለሚጠብቀው ሥራ በእኔ እምነት አፕሊኬሽኑን ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች ወደ አንዱ አምጥቶ እስከ ቢሮ በፋይበር ማገናኘት ይሻላል። ሁለተኛ መስመር ስትይዙ በሌላ መንገድ የሚመጣ ይሁን፤ አንድ ቦይ ውስጥ ከሆኑ ለመንገድ ሥራ የገባ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንዴ ይበጥሳቸዋል።