ሴንሰሩ አልነበረም፦ የዘይት ግፊት ያነሰበት ሞተር

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መኪናዋ በቆመች ቁጥር የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ሙሉ ስለነበር መካኒኩ የዘይት ግፊት ሴንሰሩን እንድቀይር መከረኝ፤ ቀየርኩ፤ ለውጥ አልመጣም። በሴንሰሩ ቀዳዳ የግፊት ጌጅ ማሰር መቅደም ነበረበት። በኋላ ሲታሰር፣ ቀዝቃዛ ሳለ 3.5 ባር ያሳየው ሞተር ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) ወደ 0.3 ወረደ፤ በደቂቃ በ2000 ዙርም ከ1 ባር አላለፈም፤ ብዙ ሞተሮች ግን በየ1000 ዙሩ 0.7 ባር ገደማ ይፈልጋሉ።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ የዘይት መሳቢያው ወንፊት እኩሌታው በቀድሞ ጥገና በተረፈ ቀይ የሲሊኮን ልጣጭ ተደፍኗል። ወንፊቱን አጽድቶ መዝጋት ያጓጓ ነበር፤ ነገር ግን በኮፓው ወለል ላይ ማግኔት የማያነሳው የሚያብረቀርቅ ብናኝ ስላየሁ የቢዬላ ብሮንዚኖቹ (ፒስተኖቹን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ጋር በሚያገናኙት ክንዶች ውስጥ ያሉት፣ ፊታቸው ማግኔት በማይስበው ብረት የተለበጠ ተሸካሚዎች) እንዲፈቱ ጠየቅሁ። የሦስተኛው ፊት ተልጦ መዳቡ ወጥቷል።

ክራንክሻፍቱ በ0.25 ሚሊሜትር ተሞርዶ፣ የዘይት መተላለፊያዎቹ ታጥበው፣ ለዚሁ መጠን የተሠሩ ብሮንዚኖች ገቡ። ብናኝ ሲጠጣ የከረመውን ፓምፕ ስላላመንኩት እሱም ተቀየረ። አሁን ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ 1.2 ባር ያሳያል።