በጣልያንኛ «እነሱ» ስትሉ ድምፁ የት ይክበድ?

ጣልያንኛ ለምትማሩ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ይናገራሉ» ፓርላኖ ነው። ብዙ ጀማሪ «ላ» ላይ ይጫናል፤ ትክክሉ ግን «ፓር» ላይ ነው፦ ፓር-ላ-ኖ።

መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ በ«እኔ» በሉት፦ ፓርሎ። ድምፁ የከበደበትን ክፍለ ቃል ያዙ፤ በ«እነሱም» እዚያው ይቆያል።

በተለይ አቢታሬ (መኖር) ላይ በጣም ይጠቅማል። «እኖራለሁ» አቢቶ ነው፤ የሚከብደው «አ» ነው። ስለዚህ «ሮም ይኖራሉ» ስትሉም አ-ቢ-ታ-ኖ አ ሮማ፣ እዚያው «አ» ላይ። ከመጨረሻው አራተኛ መሆኑ እኮ ነው! ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም እመኑት።

«እኛ» እና «እናንተ» ላይ ግን ወደ መጨረሻው ይሸሻል፦ ፓርሊያሞ «ሊያ» ላይ፣ ፓርላቴ «ላ» ላይ። ፓርሎ ራሱ መጨረሻው ላይ ከከበደ «ተናገረ» ይሆናል፤ ያኔ ፊደሉ ላይ ጭረት ይደረግበታል።