የወረዳ ምክር ቤት የሕፃናትንና የወጣቶችን አገልግሎት እንዴት ይቆጣጠር?

የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ በተቀመጠ ቁጥር የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሪፖርት ተራ አብዛኛውን ጊዜ ከግብርናው፣ ከመንገዱና ከገቢው በኋላ፣ ቀኑ ሲመሽ ይደርሳል። ከሩቅ ቀበሌ የመጡት አባላት መኪና እንዳያመልጣቸው ይቁነጠነጣሉ፤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «የዕቅዳችንን 94 በመቶ አከናውነናል» ብለው ሲጨርሱ አንድ ሁለት አባላት «የሚበረታታ ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥል» ይላሉ፤ ሪፖርቱም በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። በአንድ የወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ያ 94 በመቶ የስንት 94 በመቶ እንደሆነ የጠየቀ አባል ስም ጽፌ ግን አላውቅም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሕፃናትንና ወጣቶችን በሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ለተመደቡ አባላት ነው፤ የኮሚቴው ስያሜ ከክልል ክልል ቢለያይም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

በመጀመሪያ ኮሚቴው የቆመበትን የሕግ መሠረት በቃሉ ማወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም መዝገብ እንዲታይ ሲጠየቅ «በየትኛው ሥልጣን?» የሚል ኃላፊ አይጠፋም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊዎች ተጠያቂ እንዲሆኑ ያዛል። አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር፣ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደህንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ የሚያዘው ፍርድ ቤቶችንና የአስተዳደር ባለሥልጣናትን ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጪ አካላትንም በስም ይጠቅሳል። በዚህ ላይ የክልሉ ሕገ መንግሥት ለወረዳ ምክር ቤት የሰጠው ሥልጣንና የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ሲታከሉ ክርክሩ ያበቃል። የሦስቱንም ግልባጭ በአንድ ፋይል ይዞ መንቀሳቀስ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ማን ይጠየቅ የሚለው ነው፤ ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኮሚቴው የሴቶችና ሕፃናትን ጽሕፈት ቤት ብቻ ጠርቶ ሲያነጋግር ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ያ ጽሕፈት ቤት ግን በአብዛኛው ጥቂት ባለሙያዎች ያሉት፣ ሌሎቹን የሚያስተባብርና የሚወተውት ተቋም ነው። ሕፃኑን ክትባት የሚሰጠው ጤና ኬላ ነው፤ ልደቱን የሚመዘግበው የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ነው፤ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነው፤ ጥቃት ሲደርስበት የሚመረምረው ፖሊስ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በልጁ መንገድ ቢደራጅ ይሻላል። ኮሚቴው በዓመቱ መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ልጆችን በሐሳቡ ይሣል፦ የዘጠኝ ወር ሕፃን፣ የአሥር ዓመት እረኛ፣ ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ከዚያም እያንዳንዳቸው በየትኛው በር ማለፍ እንደነበረባቸው ይከተል።

ሦስተኛዋን ልጅ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሕጋችን ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ሕፃን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ደግሞ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ እንግዲህ በወረቀት ላይ የሁለት ጽሕፈት ቤቶች ተገልጋይ ናት፤ በተግባር ግን አንዱ ለሌላው ሲተዋት የማንም ሳትሆን ትቀራለች። ሁለቱን ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ «ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉትን የያዘው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ቀን የመስክ ምልከታ የበለጠ የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ኮሚቴው ዋና ሥራውን የሚሠራው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ጠቅላላ ስንት ተመደበ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። የሥራ ማስኬጃው ስንት ነው፣ ከዚያስ ውስጥ ለነዳጅና ለውሎ አበል የሚሄደው ሲቀነስ ለልጆቹ የሚተርፈው ስንት ነው፣ ያለፈው ዓመትስ በየትኛው ወር ተለቀቀ የሚሉት ጥያቄዎች ይሻላሉ። ለልጆች ድጋፍ የተያዘ ገንዘብ ሰኔ ውስጥ ተጣድፎ በሥልጠና ስም ወጥቶ ከተገኘ፣ ገንዘቡ ሥራ ላይ ዋለ ቢባልም ለታሰበለት ጉዳይ አልዋለም ማለት ነው።

ቁጥር ማንበብን በተመለከተ አባላቱ የስታቲስቲክስ ሊቅ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ አንድ ልማድ ብቻ ይበቃቸዋል፤ መቶኛ በቀረበ ቁጥር «ከስንቱ?» ብሎ መጠየቅ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በወረዳው ስንት ሕፃን ይኖራል የሚለው ቁጥር የሚገኘው ከዚያ ተነሥቶ በሚሠራ ግምት ነው። ክትባት 108 በመቶ ተፈጸመ የሚል ሪፖርት ሲመጣ ማጨብጨብ የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ግምቱ አንሷል፣ ወይም የጎረቤት ወረዳ ልጆች ተቆጥረዋል፣ ወይም ሪፖርቱ ተጋንኗል። ከግምት ነፃ የሆነ ማወዳደሪያ ግን በጤና ኬላው መዝገብ ውስጥ አለ። ፔንታ የሚባለው ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ በ14ኛው ሳምንት ነው። ለምሳሌ አንደኛውን 80 ሕፃናት ወስደው ሦስተኛውን የወሰዱት 62 ቢሆኑ፣ 18ቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ይህም ከመቶ 22 ተኩል ያህል ነው። ያቋረጡት ከመቶ ከ10 ሲበልጡ በጤናው ሙያ እንደ ችግር ይታያል። እዚህ ላይ የእናቶች ግንዛቤ ማነስ ነው የሚለው መልስ ቀድሞ መምጣቱ አይቀርም፤ እናትየው ግን አንድ ጊዜ መጥታ ነበርና፣ ለምን እንዳልተመለሰች መጠየቅ ያለበት ጤና ኬላው ነው። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነበር? ክትባቱ የሚሰጥበት ቀን ተቀይሮ ነበር?

በትምህርት ቤትም ነገሩ ከዚህ አይለይም። የመስከረምን ምዝገባ ሳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል የስም መጥሪያ ይጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ክፍሉ ገብተው የተቀመጡትን ልጆች ይቁጠሩ። አንድ ረቡዕ ቀን በገባንበት ክፍል መጥሪያው ላይ የሐሙስና የዓርብ መገኘት ጭምር ምልክት ተደርጎበት አግኝተናል። መምህሩ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ በኋላ ሲያጫውተን ግን ሰባ ስምንት ልጆችን ስም እየጠራ የክፍለ ጊዜውን ሩብ እንደሚጨርስ ነገረን፤ ይህም ራሱን የቻለ ግኝት ነበር። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ያቋረጠ ልጅ ስም ከመዝገብ ሳይሰረዝ የሚቆየው ሁልጊዜ በስንፍና ላይሆን ይችላል።

የጉብኝት ጊዜ ሲመረጥ የአካባቢው የሥራና የድግስ ወቅት ይታሰብ። በደጋውና በወይና ደጋው ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት በኅዳር አጨዳ ሲደርስ ነው፤ ሠርግ የሚበዛው ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ነው። በኅዳርና በየካቲት የሚደረግ ምልከታ በጥቅምት መጀመሪያ ከሚደረገው እጅግ የበለጠ እውነት ያሳያል። በየካቲት ወር ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል የቀሩትን ሴቶች ልጆች ቁጥር ብቻ ይጠይቁ፤ ስም አይጠይቁ። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ቢሆንም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ክርክሩ የሚነሣው በልጅቷ ዕድሜ ላይ ነው፤ የልደት ምዝገባ የወረቀት ሥራ ተደርጎ መታየት የሌለበትም ስለዚህ ነው። ሕጉ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ኮሚቴው በጤና ኬላውና በጤና ጣቢያው የተመዘገቡትን ወሊዶች ከክብር መዝገቡ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በግማሽ ሰዓት ሊያይ ይችላል።

ስለ ምልከታው አካሄድ ጥቂት ልጨምር። ቀድሞ በደብዳቤ የታወቀ ጉብኝት ቡና ተፈልቶ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ የሚናገሩት ሰዎች ተመርጠው ይጠብቃል። ስለዚህ ከሦስት ጉብኝቶች ቢያንስ አንዱ ያልተነገረ ይሁን። የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱን ካሜራም ቢሮ ትተውት ይሂዱ። የተጎዳ ልጅ ፎቶግራፍ በወረዳው የፌስቡክ ገጽ ላይ የሚወጣበት ቁጥጥር ራሱ ጥቃት ነው። ልጆችን ሲያነጋግሩ ርእሰ መምህሩ አጠገብ አይኑር፤ ነገር ግን ልጁ የሚያምነው አንድ አዋቂ በዓይን በሚታይ ርቀት ይቀመጥ። ጥቃት ስለመድረሱ አንዲት ቃል ከሰሙ አባሉ መርማሪ አይደለምና ዝርዝር መጠየቁን አቁሞ፣ ልጁን አመስግኖ፣ ጉዳዩን በዚያው ቀን ለሚመለከተው ባለሙያና ለፖሊስ ማድረስ አለበት።

በሪፖርት ላይ «ተሠርቷል» የተባለውን ነገር ሁሉ ሲያዩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ይፈትሹ። በአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ቤት በዕቅዱ መሠረት መቶ በመቶ ተጠናቅቋል ተብሎ ነበር። ሄድን፤ አራት በር ያለው፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ መልካም ቤት ነው። በሮቹ ላይ አራት ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። ቁልፉን ማን እንደያዘ ስንጠይቅ ርእሰ መምህሩ ጋ መሆኑ ተነገረን፤ ርእሰ መምህሩ ደግሞ ለስብሰባ ወረዳ ሄደዋል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በዝግታ ጠጋ ብላ ከአባላቱ አንዷን «እትዬ፣ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ነው» አለቻት። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በሩ እንዳይሰበር ሰግተው ነው። ከዚያ ወዲህ ቼክሊስታችን ላይ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» የሚል መስመር ገባ፤ ለቤተ መጻሕፍትም፣ ለወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከልም ይሠራል። በነገራችን ላይ ማዕከሉ ሲጎበኝ ለከረንቡላና ለኳስ ማሳያ የተከራየው ክፍል ኪራይ የት ገቢ እንደሚሆን ደረሰኙን ማየት አይዘንጋ፤ ሴቶች ልጆች ወደዚያ ግቢ ይገቡ እንደሆነም በር ላይ ሩብ ሰዓት ቆሞ መቁጠር ይበቃል።

ፖሊስ ጣቢያ በየሩብ ዓመቱ ሊታይ ይገባል። የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ በሕግ ከአዋቂ እስረኞች ተለይተው መቆየት ያለባቸው ልጆች ተለይተዋል ወይ? በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል የማይጠየቅ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ጣቢያ ውስጥ ከተገኘ ጉዳዩ በዚያው ሰዓት ለዐቃቤ ሕግ ይነገር።

አንድ የማይወራ ችግር አለ። ከወረዳ ምክር ቤት አባላት ብዙዎቹ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ የሚቆጣጠሩትም ደመወዛቸውን የሚፈርመውን ኃላፊ ይሆናል። መፍትሔው የራስን ሴክተር በሚመለከት ጉዳይ ከጥያቄ አቅራቢነት ወጥቶ ቦታውን ለሌላ አባል መልቀቅና ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብ ነው። ሐቀኛው አባል በዚህ አይቀየምም።

ግብረ መልሱ አጭር ይሁን። «ክትትሉ ተጠናክሮ እንዲቀጥል» የሚል ሐረግ በረቂቁ ውስጥ ከተገኘ ይሰረዝ፤ ማንንም አያስገድድም። እያንዳንዱ ነጥብ የታየውን ነገር፣ የታየበትን ቀንና ቦታ፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነና እስከ መቼ መስተካከል እንዳለበት ይያዝ፤ አምስት እንዲህ ያሉ ነጥቦች ከአሥራ ሁለት ገጽ ትረካ ይበልጣሉ። በአፈ ጉባኤው በኩል ለጽሕፈት ቤቱ ይላክ፤ ግልባጩ ለወረዳው አስተዳዳሪ ይድረስ፤ ቀጣዩ ጉባኤም አዲሱን ሪፖርት ከመስማቱ በፊት የእነዚህን ነጥቦች መልስ ይስማ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሲሰጥ ሂደቱ የተጀመረበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጠየቅ።

በሦስተኛው ወር ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመልሰን ስንሄድ ቁልፎቹ ተነሥተው ነበር፤ የጽዳቱን ተራ የሴቶች ክበብ ተረክቦታል። የእጅ መታጠቢያው በርሜል ግን ደረቅ ነበር፤ የቀጣዩ ግብረ መልስ የመጀመሪያ ነጥብ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ ተጻፈ።